ምን ቀየርክለት?

ከአማርኛ ጥያቄዎች ሁሉ አጥብቄ የምጠላውን ልንገራችሁ። «ደመወዝሽ ስንት ነው?» አይደለም። «መቼ ነው የምታገቢው?»ም አይደለም (እሱ ሁለተኛ ነው)። አንደኛው «ምን ቀየርክለት?» ነው።

ይቺን ጥያቄ ለመስማት የትኛውም ጋራዥ በር ላይ ግማሽ ቀን መቀመጥ ይበቃል። ባለመኪናው ቁልፉን ይቀበላል፣ ያስነሳል፣ አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ወር ሙሉ ጆሮውን ሲበላው የከረመው ድምፅ ጠፍቷል። ደስ ብሎታል። ሒሳብ ሲባል ግን ፊቱ ይለወጥና «ምን ቀየርክለት?» ይላል። መካኒኩ «ምንም፣ አስተካከልኩት» ካለ አለቀለት። «እንዴ! ዕቃ ካልቀየርክማ ምኑን ነው የምከፍልህ?»

ነገሬን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ዲኤክስ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የመስታወት ኳኳታ ያመጣው የመኪናው እርጅና ነው ትላላችሁ። እኔ ደግሞ ይሄ ጥያቄ ነው እላለሁ።

ዲኤክስን ለማታውቁ (አላችሁ እንዴ?) ቶዮታ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያመረተው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ነው፤ አዋቂዎቹ ኬኢ70 ይሉታል። ሞተሩ 1.3፣ ጉልበቱን የሚያወርደው ለኋላ ጎማ። ውጭ አገር በዚሁ ምክንያት ጎረምሶች መንገድ ላይ እያንሸራተቱ ይጫወቱበታል። ዓለም በጃፓን ካርቱን ፊልም ያወቀው ኤኢ86 የሚባለው ስፖርት ቶዮታም የዚሁ መኪና የቅርብ ዘመድ ነው። የኛ አገር ጎረምሳ ፌራሪ የለውም፣ ፖርሽ የለውም፤ ዲኤክስ አለው። ቀይ ወይ ቢጫ ያስቀባዋል፣ ዝቅ ያስደርገዋል፣ ቸርኬውን ያሰፋዋል፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ሰው የሚያህል ሰብውፈር ያስገጥማል። ከዚያ ፎቶ ያነሳውና «ክላሲክ» ብሎ ይለጥፈዋል።

እሺ፣ ክላሲክ ነው። የኋላ መስታወቱ ግን ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ «ኳ ኳ ኳ» ይላል።

መፍትሔውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካርቶን! እኔ በግሌ በመስታወትና በበር መሀል ተሸጉጠው ያየኋቸውን ብቻ ልቁጠርላችሁ፤ የሲጋራ ፓኮ፣ ያልወጣለት ሎተሪ፣ የሃይላንድ ቁራጭ፣ የነጠላ ጫማ ተረከዝ፣ አንዴም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፊዚክስ ወርክሺት። ካርቶኑ ሲረግፍ ደግሞ ሁለተኛው መፍትሔ ይመጣል፤ ቴፑን ከፍ ማድረግ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉልኝ። ሰውዬው መስታወቱን የሚያንቀጠቅጠውን ሰብውፈር በገዛ ገንዘቡ ያስገባል፣ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ እንዳይሰማው ሰብውፈሩን ይጨምራል፣ መስታወቱ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል። ይሄን ነገር ሌላ አገር ቢሆን ጥናት ይሠሩበት ነበር።

*

ወረታ ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ ምክንያትም አለው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለሚሄድ ሰው ወረታ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ የዋልካ ጭቃው ከጎማ አልፎ በር ውስጥ ይገባል። በጋ ላይ ያው ጭቃ ይደርቅና አቧራ ይሆናል። በዚያ ላይ ሩዝ አለ። ሩዝ ፎገራ ከገባ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል (የሩዙና የዲኤክሱ ዕድሜ ይቀራረባል ማለት ነው)፤ ከተማዋ በሩዝ መፈልፈያ የተሞላች ናት። ከመፈልፈያው የሚወጣው ገለባ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሲሊካ ያለበት፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ነገር ነው። ይሄ ሁሉ የሚሰበሰበው የት ይመስላችኋል? መስታወቱ ወጣ ገባ የሚልበት ጠባብ መሄጃ ውስጥ!

የመስታወት መሄጃ ማለት በበሩ ክፈፍ ውስጥ ያለው፣ ከውስጥ ፀጉራም ጨርቅ የለበሰው ጎማ ነው። መስታወቱን ከግራ ከቀኝ አቅፎ የሚይዘው እሱ ነው። ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፣ አቧራና ገለባ ፀጉሩን ይልጨዋል፤ ከዚያ መስታወቱ በብረት መሀል ብቻውን የቆመ ጥርስ ይሆናል። አስፋልት ላይ ዝም ይል ይሆናል። ኮብል ስቶን ላይ ግን ይዘፍናል።

የአጎቴ ልጅ ዲኤክስ አለው። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ነው ወረታ ያስገባው። ቀለሙን ብታዩት ትወዱታላችሁ። የግራ የኋላ መስታወቱ ግን ከመኪናው ጋር የተሸጠ ይመስል ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሲንኳኳ ኖሯል። በቀደም ዕለት አብሬው ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ታርጋ የለውም፤ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ረዳት ልጆች። መካኒኩ ሃምሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው።

ሰውየው የሠሩትን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይሄ ጽሑፍ ስለሳቸው ነው።

መጀመሪያ ካቻቪቴ አላነሱም። ከኋላ ወንበር ገብተው ተቀመጡና «ንዳ» አሉት። ቴፑን አዘጉት። የተበላሸ መንገድ ላይ ሲደርስ በመዳፋቸው የመስታወቱን የላይኛውን ጠርዝ ጫን አሉት፤ ድምፁ ቆመ። ለቀቁት፤ ተመለሰ። ከዚያ መስታወቱን እስከ ላይ ዘጉት፤ ድምፁ ቀነሰ። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረጉት፤ ባሰበት። እስከ ታች አወረዱት፤ አሁንም ትንሽ «ኳ» የሚል ነገር ቀረ። እዚያው ወንበር ላይ ሆነው ነገሩን ጨረሱት፦ «ሁለት በሽታ ነው ያለበት። መሄጃው ተበልቷል፤ ታች ደግሞ የማንሻው ብሎን ላልቷል።» መስታወቱ እስከ ታች ወርዶም ድምፅ ካለ ጥፋቱ ከላይ ካለው ጎማ ሊሆን አይችልማ! እኔ አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ስማር አንድን ምንጭ ከሌላው እንዴት እንደምለይ ያስተማሩኝ ይሄንኑ ነበር፤ እሳቸው ግን በሃያ ደቂቃ ጨረሱት።

በሩን የከፈቱበትን መንገድ ደግሞ ብታዩ። የመስታወቱን መዘውር የያዘችው ትንሽ ሽቦ ቅንጥብ ከኋላ ስለተደበቀች ብዙ ሰው በፒንሳ ሲታገል መዘውሩን ይሰብረዋል። እሳቸው አንድ ቁራጭ ጨርቅ ከመዘውሩ ጀርባ አስገብተው ጫማ እንደሚጠርግ ሊስትሮ ወዲያና ወዲህ ሳቡት፤ ቅንጥቧ ብቅ አለች። የበሩን ሽፋን በጨርቅ በተጠቀለለ ካቻቪቴ ከየጥጉ ላቅ ላቅ አድርገው አነሱት። ውስጡ ሊኖር የሚገባው ፕላስቲክ የለም። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ቀዶ ጥሎታል። ፕላስቲኩ ደግሞ ለጌጥ የተሠራ አይደለም፤ በመስታወቱ ጥግ የሚገባው ዝናብ ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይዘልቅና በበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። ቀዳዳዎቹስ? በጭቃና በገለባ ተደፍነዋል። የበሩ ወለል ርሶ ዝገት ጀምሯል። የአጎቴ ልጅ በውጭ በኩል ባለው ቀለም ላይ ስንት ሺህ ብር እንዳፈሰሰ አስታውሱልኝ።

አንዱ ረዳት ልጅ ጭቃውን ጠርጎ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈተ። ከማንሻው ብሎኖች አንዱ የለም፣ ሌላው በጣት ይዞራል። የጎደለውን ከቆርቆሮ ሳጥን ፈልገው ከነሮንዴላው አሰሩት። የተበላውን የመሄጃ ክፍል አውጥተው፣ ከሌላ የፈረሰ መኪና ያስቀመጡትን ለክተው ቆርጠው በማስቲሽ ለጠፉት። እኔ «ትንሽ ግሪስ ቢቀባስ?» አልኩ። ሳቁብኝ። ዘይትና ግሪስ ጎማውን ያበላሻል፣ አቧራውንም ይሰበስባል። ሲሊኮን ካለ ሲሊኮን፣ ከሌለ ደረቁን መተው። በመጨረሻ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የወጣ ንጹሕ ፕላስቲክ በበሩ ልክ ቆርጠው ለጠፉና ሽፋኑን መለሱ። እንደገና ነዳን፤ እንደገና ከኋላ ተቀመጡ። ዝም።

ሦስት ሰዓት ተኩል። 700 ብር አሉ።

«ምን ቀየሩለት ጋሼ?»

አያችሁልኝ? ጋሼ ብሏል። አንቱ ብሏል። የጎንደር ልጅ ነውና አክብሮት አልጎደለበትም፤ የጎደለው ክፍያው ነው። ተከራክሮ ተከራክሮ 300 ብር ሰጣቸው። ባለፈው ወር ለአምፕሊፋየር 9 ሺህ ብር ሲከፍል ግን አልተከራከረም፤ አምፕሊፋየር በካርቶን ነዋ የሚመጣው፣ በእጅ ይያዛል፣ ይመዘናል።

*

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። «ድርድር ነው፣ ባሕላችን ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ባሕላችን ከሆነ እንግዲህ በባሕላችን እንነጋገር። እግሩ የወለቀበት ሰው ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ወጌሻው ይዳስሳል፣ ይጎትታል፣ ይጠቀልላል። «ምን ቀየርክለት?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምታችኋል? አዲስ አጥንት ካልገባማ አልከፍልም ያለ? ደላላስ? ዲኤክሱ ሲሸጥ ደላላው 2 ፐርሰንቱን ይወስዳል። ምን ቀየረ? ምንም! ስልክ ደወለ። ፎገራ ላይ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርስ የሚያይለት፣ ትከሻ የሚዳስስለት ሰው ይዞ ገበያ ይወጣል፤ ሲገዛ ደግሞ ይጋብዘዋል። ለዓይን መክፈል እናውቃለን፣ ለእጅ መክፈል እናውቃለን፤ መኪና ጋ ስንደርስ ብቻ ነው ሁሉንም የምንረሳው።

ይሄ መርሳታችን ደግሞ ዋጋ አለው። መካኒክ ሞኝ አይደለም። ሦስት ሰዓት ተኩል ለፍቶ ሲያዳምጥ 300 ብር፣ በአሥር ደቂቃ ዕቃ ሲቀይር ግን ያለ ጥያቄ ሙሉ ሒሳብ እንደሚከፈለው ካየ ነገ ምን ያደርጋል? ይቀይራላ! ድምፅ ከኋላ ይሰማል ስትለው ሾክ አብዞርበር አምጣ ይልሃል። ታመጣለህ፣ ከሶማሌ ተራ ድረስ አስልከህ። ይቀየራል፣ ድምፁ አለ። ቀጥሎ የታርጋ ማሰሪያ፣ ቀጥሎ የኋላ ኮፈን ቁልፍ። ድምፁ አለ። አንተ ግን ትከፍላለህ፤ ምክንያቱም አሮጌውን ዕቃ በፌስታል አድርጎ እጅህ ላይ አስቀምጦልሃል። «ምን ቀየርክለት?» ለሚለው ጥያቄህ መልሱ ፌስታል ውስጥ ነው። ከዚያ «የዘንድሮ መካኒክ ሌባ ነው» ትላለህ። ማን አሠለጠነው ወንድሜ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የረዳቶቹ ነገር ነው። ጭቃውን የጠረገው ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። መዳፍ በመስታወት ላይ ጫን ሲል ድምፅ ሲቆም አይቷል፤ ጨርቁ ቅንጥቧን ሲያወጣት አይቷል። ይሄ የሚማርበት ክፍል ነው። ያው ክፍል ውስጥ ግን ሌላም ነገር አይቷል፤ ጌታው ያን ሁሉ ጥበብ አሳይተው ከተጠየቁት ከግማሽ በታች ተቀብለው ዝም ሲሉ። ምሳ ሰዓት ላይ «መካኒክ መሆን ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ባጃጅ መግዛት ነው የሚፈልገው። ባጃጅ መስታወት የለውም፤ ሸራ ነው፤ አይንኳኳም (ይሄን እሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም)።

«እሺ፣ መካኒኩ ሳይሠራ ሠራሁ ቢለኝስ? በምን አውቃለሁ?» ይሄ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከሁሉም ተቃውሞ የማከብረው ይሄን ነው። ያልተነካ በር ተነካ ብሎ የሚያስከፍል አለ። ግን መፍትሔው የእጅ ዋጋን መካድ ነው? መፍትሔው እዚያው መቀመጥ ነው። ከመከፈቱ በፊት አብራችሁ ንዱ፣ ድምፁ የቱ ጋ እንዳለ ተስማሙ። «ለመክፈትና ለማየት ስንት? ካገኘኸው ለመሥራት ስንት?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡን እዩ። ሲያልቅ ባንድ መንገድ ላይ፣ ባንድ ፍጥነት፣ ቴፑን ዘግታችሁ እንደገና ንዱ። ይሄን ያደረገ ሰው አይታለልም። ቁልፉን ወርውሮ ቡና ሊጠጣ የሄደ ሰው ነው የሚታለለው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ዲኤክስ ያለው ሰው ገንዘብ የለኝም ሲል እኔ ኮድ 2 ታርጋ ሳይሆን የራሴ ጫማ እንኳ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝና ይቅርታ አድርጉልኝ።

*

ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን አክብዶታል። በጥር 2016 ደግሞ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በስተቀር የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ነገረን። ጥሩ ነው አይደለም የሚለውን ሌላ ቀን እንጣላበታለን። ለኛ የሚመጣው ውጤት ግን ግልጽ ነው፤ ያለው ዲኤክስ ያለው ነው። ሌላ አይመጣም። ቶዮታ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. ለኤኢ86 አንዳንድ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚያመርት አስታውቋል፤ ጃፓን ውስጥ ያሉ ወዳጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ወረታ ላለ ኬኢ70 የኋላ በር ጎማ ግን ማንም ፋብሪካ አይከፍትም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከአዲስ አበባ የታዘዘ ዕቃ የት እንደሚያድር የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ «የሚቀየር» ነገር እያለቀ ነው። የቀረው የሚስተካከል ነው። የሚያስተካክሉትም እነዚያ ከባሕር ዛፉ ሥር ያሉት ሰውዬ ናቸው፤ ሳጥናቸው ውስጥ ከፈረሰ መኪና የተቀመጠ አንድ ክንድ መሄጃ አለ፣ ጆሯቸው ደግሞ ገና አልደከመም። ረዳታቸው ባጃጅ ሲገዛ ይሄን ጆሮ የሚወርሰው ማን ነው?

እስቲ ቅዳሜ አንድ ነገር አድርጉ። ቴፑን ዝጉ። ጓደኛችሁ ይንዳ፣ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። መዳፋችሁን መስታወቱ ላይ ጫን አድርጉ። ድምፁ ከቆመ መስታወቱ ነው፤ ካልቆመ ከሰብውፈሩ በላይ ያለውን ጣውላ፣ የኋላ ኮፈኑን፣ ታርጋውን በየተራ ያዙ። ትልቁ የኋላ መስታወት ከሆነ ዙሪያውን ያለውን ጎማ በጣት ነካ ነካ አድርጉት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ውኃም እያስገባ ነው። ካርቶኑን ንቀሉና ጣሉት። ከዚያ መካኒክ ጋ ሂዱና ሽፋኑ ሳይነሳ የእጅ ዋጋውን ጠይቁ። የአጎቴ ልጅ ይሄን ካነበብክ ደግሞ 400 ብር ይቀርብሃል፤ ጋራዡ የት እንዳለ ታውቀዋለህ።